አጎቴ የሚወጡበት ምክንያት

አጎቴ ካረፉ አርባ ቀን ሞላቸው። ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ ታናሽ ወንድማቸው የሆነው አባቴ ሲቆጣ እጁ አያርፍም ነበርና ገና በልጅነቴ ወደ አዳማ ወሰዱኝ። ጨዋታ መሃል ድንገት ተነስተው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው እስከ አሮጌው ባቡር ጣቢያ በእግር ደርሰው ይመለሱ ነበር። ሙቀቱ የሚያስወጣቸው ይመስለኝ ነበር።

አምና ልጄ ላይ እጄን አነሳሁ። አልመታኋትም፤ ግን ዓይኗ ውስጥ የራሴን የልጅነት ፍርሃት አየሁት። በቀጥታ ወደ አጎቴ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ የአባቴ ደም ይዞኛል» አልኳቸው።

«እኔስ የማን ደም ነኝ? ያ ቁጣ እኔም ላይ አለ።»

«እርስዎ? አንድ ቀን እንኳ ሲቆጡ አላየሁም!»

«ሲመጣብኝ እወጣለኋ! ወጣት ሆኜ ዝዋይ ስሠራ አንድ ሽማግሌ ባልደረባዬ ‹ሲነድህ ውጣና ተራመድ› ብሎኝ ነው። አባትህን እንዲህ ብሎ የመከረው አልተገኘም፤ አንተን ግን ይኸው እኔ እልሃለሁ።»

እፎይ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም እወጣለሁ።

አሁን በረንዳው ላይ ወንበራቸው ባዶ ነው፤ ባለፍኩ ቁጥር «ደህና ዋሉ» ልል አፌን እከፍታለሁ።

ትናንት ልጄ መነጽሬን ሰበረችው። አልተደበቀችም። ስብርባሪውን በሁለት እጇ ይዛ መጣችና «አባዬ፣ እኔ ነኝ የሰበርኩት» አለችኝ።