ደረቁ ቦይ ውስጥ የተተከለው ድንኳን

ይህ የሆነው አምና በጥር ወር፣ በታላቅ እህቴ በሰላማዊት ሠርግ ቀን ነው። ያኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የዶርም ጓደኞቼ ስለ ሰፈሬ ሲጠይቁኝ፣ መጀመሪያ የምነግራቸው ይህንን ነው።

ቤታችን አቃቂ ቃሊቲ፣ ከተማው አልቆ እርሻው የሚጀምርበት ዳር ላይ ነው። ከጓሯችን ሥር አንድ ሰፊ የድንጋይ ቦይ ያልፋል። ድሮ ከወንዙ ውሃ ጠልፎ ወደ አንድ ፋብሪካ ይወስድ ነበር ይባላል። ፋብሪካው የራሱን የውሃ ጉድጓድ ካስቆፈረ ወዲህ ግን ቦዩ ሥራ ፈቷል። እኔ ውሃ ሲያልፍበት አይቼ አላውቅም። ግድግዳው ጥርብ ድንጋይ ነው፤ ወለሉ ከመንገዳችን ይልቅ የተስተካከለ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ እኛም ዳር ዳሩን ባለው የባህር ዛፍ ጥላ እናጠናበት ነበር።

እድራችን ድንኳን የሚተክልበት ሜዳ ለኮንዶሚኒየም ስለታጠረ፣ ሽማግሌዎቹ የእህቴ ድንኳን ቦዩ ውስጥ ይሁን አሉ። «ከዚህ የተሻለ አዳራሽ ከየት ይመጣል?» ተባለ። እውነትም ሲያልቅ ያምር ነበር። እንደ ባቡር ፉርጎ ረጅም ሆኖ፣ ግራና ቀኙን ድንጋዩ ይዞት፣ ቄጤማ ተጎዝጉዞበት ሳየው ኮራሁ።

አባታችን ከሞተ ጀምሮ ብቻዋን ያሳደገችን እናቴ፣ «አባት የሌላት ልጅ ሠርግ» እንዳይባልባት ዓመት ሙሉ ስትዘጋጅ ኖራለች።

ሙሽራው ሳሪስን አልፏል ተብሎ ሲደወል፣ ቄጤማው መንሳፈፍ ጀመረ።

ላይኛው አገር ሳይታሰብ ዝናብ ጥሎ ኖሯል። ወንዙ ሞልቶ፣ ውሃው በድሮ መንገዱ ቀስ እያለ መጣ። ወዲያው ቁርጭምጭሚታችን ደረሰ። እናቴ እጇን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ፣ «ጉዴ ፈላ! ሰዎቹን ጎርፍ ውስጥ ላስቀምጣቸው ነው?» አለች።

ጎረቤታችን ባለሱቁ ጋሽ ሸምሱ ይህን ሰምቶ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። ግቢው በለስላሳ ሳጥን የተሞላ ነበር። «ድንኳኑን እኔ ግቢ ትከሉት! ሳጥኑን ወደ ውጭ አውጡ! አጥሩንም ገንጥሉት!» ብሎ ጮኸ።

«ኧረ አጥርህ!» አለች እናቴ።

«ቆርቆሮ ይመለሳል፣ ሠርግ አይመለስም!»

ወንዶቹ ድንኳኑን ሊነቅሉ ቦዩ ውስጥ ገቡ። እኛም አግዳሚውንና ሳህኑን እጅ በእጅ እየተቀባበልን ማውጣት ጀመርን። ነገር ግን የመኪኖቹ ጥሩምባ ከሩቅ ይሰማ ነበር።

በሠርግ ሁሉ የልጃገረዶች አለቃ የምትሆነው እትዬ ዘነበች ያን ጊዜ ሰበሰበችን። «ልጆች፣ ሙሽራን በር ላይ ማስቆም የአባት ወግ ነው። ዛሬ ግን የምር ነው የምናስቆመው። ድንኳኑ ሳይቆም አንድ ሚዜ ቢያልፍ፣ ወየውላችሁ!»

በሩ በመንገዱ በኩል ስለሆነ ቦዩ ከዚያ አይታይም። ተያይዘን ዘጋነው። ሚዜዎቹ ሽቶ እየረጩ ለመኑን።

«ይሄ ነው ሽቶ?» አለች እትዬ ዘነበች። «እኛ ሰፈር ትንኝ የምናባርርበት ነው!»

ሚዜዎቹን አንድ በአንድ አስጨፈረቻቸው። ከጀርባችን ብረትና ቆርቆሮ ሲንኳኳ፣ እኛ ዘፈኑን ከፍ እናደርጋለን። የረጠበ ጫማዬን እንዳያዩት እግሬን ቀሚሴ ውስጥ ደበቅኩ።

ሚዜዎቹ ደከሙ፤ ድንኳኑ ግን ገና አልቆመም። ያኔ የሙሽራው አጎት አባባ ግርማ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሰውዬ፣ ወደ ፊት መጡ። «እነዚህ ልጆች ናቸው፣ አያውቁበትም። እስቲ እኔ ልሞክር» ብለው ከዘራቸውን ለሙሽራው ሰጡና እስክስታ ወረዱ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ሙሽራው «ጋሼ፣ ይበቃል» ሲላቸው፣ «ዝም በል፣ ገና አልሞቀኝም!» ብለው እንደገና ጀመሩ። ጭፈራ የሚወዱ ሽማግሌ ናቸው ብዬ በልቤ አመሰገንኳቸው።

በመጨረሻ ጋሽ ሸምሱ እስከ ጉልበቱ ርሶ ከጓሮ ብቅ አለና «አልቋል» በሚል ራሱን ነቀነቀ። በሩን ለቀቅን። እንግዶቹ ጋሽ ሸምሱ ግቢ በተተከለው ድንኳን ገብተው ተቀመጡ። ማንም ምንም አልጠየቀም። እናቴ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ እልል አለች።

እውነቱን የነገረኝ ከወራት በኋላ የእህቴ ባል ነው። መኪኖቹ ቦዩን በሚሻገረው ድልድይ ሲያልፉ፣ የእኛ ሰዎች ውሃ ውስጥ ቆመው ድንኳን ሲነቅሉ ሙሽራውና አጃቢዎቹ አይተዋል። አባባ ግርማ ወዲያው ለሚዜዎቹ አስደውለው፣ «ማንም ያየውን እንዳያነሳ። ሴትዮዋ ማፈር የለባትም። በር ላይ እንቆይላቸው» ብለው ነበር። ከዘራውም ለጌጥ አልነበረም፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ከሠርጉ በኋላ አብጦ አልጋ ላይ ሰንብተዋል።

ይህን ስሰማ እንባዬ መጣ። እኛ ከእነሱ ስንደብቅ፣ እነሱም ማየታቸውን ይደብቁልን ነበር።

ቦዩ አሁን ደርቋል፤ ልጆቹም ኳሳቸውን ይጫወቱበታል። ለዕረፍት ስመጣ ድልድዩ ላይ ቆሜ ሳላየው ወደ ቤት አልገባም። አባባ ግርማ ሊጠይቁን ሲመጡ እናቴ እግራቸውን የሚያሳርፉበት ዱካ ቀድማ ታቀርብላቸዋለች።

«ጉልበትዎ እንዴት ነው?» ትላቸዋለች።

«እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። «ቦያችሁስ?»