ሰላምታ ያልመለሰው ሰው

የአንድ ሰው ዕድሜ ቢጨመቅ ምን ይወጣዋል? ጋሽ አቡበከርን ባሰብኩ ቁጥር ይህ ጥያቄ ይመጣብኛል። ዕድሜያቸውን የፈጁት ባቲ ገበያ በከብት ደላላነት ነው። የአፋሩን ባለ ግመልና የደጋውን ገበሬ ያጨባብጣሉ፤ ሲጣሉም የሚያስታርቁት እሳቸው ነበሩ። «ሰላምታህን ያልመለሰ ሰው ቂም ይዞብሃል፤ ሳይመሽ ሂድበት» ይሉ ነበር።

በስተርጅና መርሳት ያዛቸው። ልጃቸው ሱዓድ ከሚሴ መንገድ ዳር ያለችውን የእህል መጋዘን አጸዳችና ለአባቷና እንደሳቸው ለሚረሱ ጎረቤቶች መዋያ አደረገቻት። አስተዋይ ናት። ምንጣፉ ላይ ያለው ጥቁር አበባ ጉድጓድ መስሏቸው ሲዘሉት ብታይ፣ ምንጣፉን ባለ አንድ ቀለም አደረገችው። እንዳይጠፋቸው የመጸዳጃውን በር ቢጫ ቀባች። መንገደኛ እያዩ እንዲውሉ ፍራሾቹን ባጃጅ ወደሚያልፍበት መንገድ አዞረች። እጃቸው ሥራ እንዳይፈታ ከጨፋ ሮቢት የመጣ ማሾ በሰፌድ ታቀርብላቸዋለች፤ እየለቀሙ ያወጋሉ። ክፍሏ ጨለም ስላለች ደግሞ ብርሃን እንዲጨምር ብላ ትልቅ መስተዋት ሰቀለች።

ስህተቷ ይኸው ነው።

ጋሽ አቡበከር ገብተው «አሰላሙ ዓለይኩም» አሉ። ፊት ለፊት ያለው ሽማግሌ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ እንጂ ድምፅ አላወጣም። በኦሮምኛም ሞከሩ፤ «አካም ጅርቱ?» ዝም።

«ተወው አቦ» አሉ ጋሽ ዓብዱልመጂድ፣ ማሾ ከሚለቅሙት ጎረቤቶች አንዱ። «የቢሮ ሰው ይመስላል። እነሱ ሰላምታም በቀጠሮ ነው።»

ጋሽ አቡበከር አልሳቁም። አንገታቸውን ደፍተው ልጃቸውን ጠሩ።

«ሱዓድ፣ ይህን ሰውዬ ምን በድዬው ነው?»

«ኧረ አባ፣ መስተዋት እኮ ነው። አንቱው ነዎት።»

«ልታጽናኚኝ ነው። እኔ እንደሆንኩ ነገር እረሳለሁ፤ በድዬው ረስቼ ይሆናል። እሱ ግን አልረሳም። ፊቱን አላየሽውም?»

ሰው በደሉን ሲረሳ ኀፍረቱም አብሮ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። ለካ ኀፍረት ምክንያቱ ከሞተ በኋላም ብቻውን ይኖራል።

ሱዓድ መስተዋቱን አወረደች። ነገሩ ባሰ። በአባቷ ዘንድ ሰውዬው አውፍ ሳይላቸው፣ ይቅር ሳይል ወጥቶ ሄደ ማለት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ማሾም አልነኩ፣ ፍራሽም ላይ አልወጡ። በሩ ሥር፣ ጫማ የሚወለቅበት ቦታ ተቀመጡ። ሱዓድ እጃቸውን ስትስብ «የበደለ ሰው ከሰው እኩል አይቀመጥም» ይሏታል። እሷም ፊቷን አዙራ ትወጣለች፤ «ብርሃን ብዬ ነበር እኮ» ትላለች፣ ለማን እንደምትል አታውቀውም።

አንድ ሽማግሌ እንደዚያ ሰውዬ ሆኖ ገብቶ «አውፍ ብያለሁ» ቢላቸው ይበቃ ነበር። ስንት ሽማግሌ ባለበት ሰፈር አንዱ «ውሸትማ አልናገርም» አለ፣ ሌላው በነገሩ ሳቀ። እሳቸው ግን እስኪሞቱ ድረስ፣ ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ ያለውን ሁሉ እጁን ይዘው ይለምኑት ነበር፦ «ያን ሰውዬ ፈልጋችሁ ሽማግሌ ላኩልኝ። በምን እንዳስቀየምኩት አላውቅም። እግሩ ላይ እወድቃለሁ፤ ብቻ አውፍ ይበለኝ።»