ነብሩን ቀድማ ያደማችው ዘሀራ

ጥቅምት ነበር። ዝናቡ አቁሟል፤ በገደሉ ጥላ ያለው ጭቃ ግን ገና አልደረቀም። ዱካ ለማየት እንደዚያ ያለ ወር የለም። ደርግ ወድቆ ሁለት ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። አገራችን እንደምታውቁት ከመካነ ሰላም በታች፣ ወደ ዓባይ በሚያዘቀዝቀው ገደል አፋፍ ነው።

ሦስት ነበርን፦ እኔ ጦሬን ይዤ፣ ባለ ምንሽር ጠብመንጃው አያ ይመር፣ እና ዘሀራ። ዘሀራን አታውቋትም፤ ማን ነግሯችሁ! ወደ ምንጩ የምትወርዱበትን የገደል መንገድ የቀደደችው እሷ ናት። ባሏ ከሞተ በኋላ፣ ክረምት ከበጋ፣ ድንጋይ በመዶሻ እየፈለጠች ደረጃ አበጀች። ዛሬ የቀበሌው ሥራ ነው ይላሉ። ቀበሌው አንድ ጠጠር አላነሳም!

ታዲያ በዚያ መንገድ ነብር ገባበት። ውሃ ልትቀዳ የወረደች ሴት ትከሻዋን ቧጨራት፤ ከዚያ ወዲህ የሚወርድ ጠፋ። ሰዉም ከብቱም ተጠማ። ወንዶቹ «እንምከር» ይላሉ። ዘሀራ ዶማዋን ተሸክማ መጣች።

«አንቺ ተመለሽ፤ ይህ የወንድ ሥራ ነው» አላት ይመር።

«አያ ይመር፣ ደረጃው የቱ ጋ እንደሚያንሸራትት ያውቃሉ?»

ይመር ቁልቁል ገደሉን አየና መንገድ ለቀቀላት።

«እንግዲያው ከኋላዬ ይምጡ።»

ዱካውን አገኘነው። ክብ ነው፤ ጥፍር የለበትም። የጅብ ቢሆን ጥፍሩ ጭቃውን ይወጋል። ውሃ ገና እየሰረገበት ነበር። «ቅርብ ነው» ልል አፌን ስከፍት፣ ነብሩ ከበላዬ ካለው ቋጥኝ ወረደብኝ። ጦሬ ተሰበረ። ክንዴን ነከሰ፤ ትንፋሹ ፊቴ ላይ ይግማል። ይመር ቢያነጣጥርም እኔን እንዳይመታ ፈርቶ ቆመ። ዘሀራ «ቢስሚላህ!» ብላ ዶማውን ነብሩ ትከሻ ላይ ሰካችው። እኔን ለቆ ወደ እሷ ዞረ። ጥይቱ የጮኸው ያን ጊዜ ነው፤ ነብሩ እግሯ ሥር ወደቀ።

የአዳኝ ሕግ አለን፤ ቀድሞ ደም ያፈሰሰ ገዳይ ነው፣ ሁለተኛው ረዳት ነው። መንደር ስንገባ ግን እልልታው ለይመር፣ አናት ላይ የሚቀባው ቅቤ ለይመር! ክንዴን እንደታሰርኩ ተነሥቼ «ቀድማ ያደማችው ዘሀራ ናት! ቁስሉን እዩት፣ የዶማ ነው!» አልኩ። የመንደሩ ሽማግሌ ቆዳውን አገላብጠው አዩት።

«ልክ ነህ። ግን ሴት አትፎክርም፤ ግዳዩ ለይመር ይሁን።»

«ታዲያ ነብሩ እኔን የለቀቀኝ ‹የመታኝ ወንድ ነው› ብሎ ነው?» አልኳቸው።

ሳቁብኝ። ይመር አንገቱን ደፋ፤ ቅቤውን ግን አላራገፈም።

ዘሀራ እዚያ አልነበረችም። ወርጄ ባገኛት በግብግቡ የተናደውን ደረጃ ትጠግናለች። የሆነውን ነገርኳት።

«ተወው ካሴ፣ ለጠጉሬ ቅቤ ቤቴም አላጣሁ። ውሃ ሊቀዳ የተነሣ ሰው አለ?»

«አለ።»

«አልሐምዱሊላህ። በል በደህናው እጅህ ይችን ድንጋይ ደግፍልኝ።»

እሷ ተወችው፤ እኔ አልተውኩትም። አሁን ሞታለች። ይህን አገር ማን አቀናው ሲባል ዛሬም የሚቆጠረው ባለ ጠብመንጃው ነው። እናንተ ልጆች፣ ግዳይ ጥያለሁ የሚል ሲነሣባችሁ፣ ደሙን ማን ቀድሞ እንዳፈሰሰ ሳትጠይቁ እልል እንዳትሉ። እኔን ሰርግ ላይ «ካሴ፣ ፎክር!» ሲሉኝ ተነሥቼ የዘሀራን ስም እጠራለሁ። ይስቃሉ። ይሳቁ! ስሟን ሰምተው ነው የሚስቁት።