ወጌሻውን ከደጅ የመለስኩ ጊዜ

ይህን ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። ልናገር እየተንበረከክሁ፣ ሐሜቴንና ጾም መግደፌን አውርቼ ስንት ጊዜ ተነሣሁ! ለእናንተ፣ ለማታውቁኝ፣ ልናገረው። ባሌን ለዘለዓለም አንካሳ ያደረግኩት እኔ ነኝ። መኪናው ሰበረው እንጂ አንካሳ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ባሌ ቶሎሳ የመንገድ ሥራ ሠራተኛ ነበር፤ የምንኖረው ሰበታ ነው። በጃንሆይ ጊዜ፣ ድንጋይ የጫነ መኪና ተገልብጦ እግሩን ከጉልበቱ በታች ሰበረው። ሆስፒታል በጀሶ አሰሩለት፤ ጀሶው ሲፈታ አጥንቱ ተጣሞ ገጥሟል። መሥሪያ ቤቱ፣ “የሐኪሞች ቦርድ አይቶህ መሥራት አይችልም ካለ የጉዳት ጡረታ ይቆረጥልሃል፤ እስክትጠራ ጠብቅ” አለው። ደመወዙ ቆመ፤ ቦታውም ለሌላ ተሰጠ።

ጠበቅን። ቤቱን የማስተዳድረው እኔ ነበርኩ። መጀመሪያ ጊደሯን ሸጥኩ። ከዕቁብ ወጣሁ። ጤፉ ቀርቶ በቆሎ፣ በቆሎው ሲያልቅ ከልጆቻችን ጋር ጓያ በላን። የጓዳውን ቆርቆሮ አስነቅዬ ሸጥኩና በሣር ከደንኩት። ባለሱቁ ጨውና ጋዝ በዱቤ ሲሰጠኝ፣ “ቦርዱ መቼ ነው?” ይለኛል፤ “በቅርብ ነው” እለዋለሁ። ያበደረኝ ሁሉ የባሌን እግር አምኖ ነው ያበደረኝ።

ግንቦት ላይ ኦቦ ጉደታ የሚባሉ የተፍኪ ወጌሻ መጥተው እግሩን ዳሰሱለት። ሲወጡ እኔን ወደ ደጅ ጠሩኝ።

“ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አጥንቱ ገና አልጠናም። እንደገና ሰብሬ ላቃናው እችላለሁ፤ ለመስቀል በእግሩ ይሄዳል። ሕመሙ ግን ከባድ ነውና አንቺው አረጋግተሽ ንገሪው። ሰኞ እመጣለሁ። ከክረምት ወዲያ ግን የኔ እጅ አይሠራም።”

ደስ ሊለኝ ሲገባ ደነገጥኩ። ለመስቀል ከሄደ ቦርዱ ምኑን ያያል? በእግሩ ለሚሄድ ሰው ማን ጡረታ ይሰጣል? ዕዳዬንስ በምን እከፍላለሁ? ይህን ሁሉ ያሰብኩት ከደጅ እስከ መደቡ ስደርስ ነው። ሰው ይህችን በምታህል መንገድ ላይ እንዲህ ይከፋል?

“ምን አሉ?” አለኝ ቶሎሳ።

“ጊዜው አልፏል አሉ። አይቃናም አሉ።”

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። “ዋቅኒ ቤካ” አለ፤ እግዜር ያውቃል ማለቱ ነው።

ሰኞ ኦቦ ጉደታን ከአጥሩ ውጭ ጠበቅኋቸው።

“አባቴ፣ እምቢ ብሏል። ሕመሙን ፈርቷል።”

“ልግባና ላናግረው?”

“ተኝቷል። ይተዉት።”

በቅሏቸውን አዞሩ። መልሳችሁ አምጡልኝ ብዬ ሰው ልልክ እችል ነበር። አልላክሁም።

ክረምቱ ወጣ፣ አጥንቱ ጠና፣ ቦርዱ ጠራው። ጎረቤት ተሸክሞ አውቶቡስ ላይ አወጣልን። ሐኪሞቹ ልክ እንዳሰብኩት መሥራት አይችልም አሉ። ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ፣ “ጊዜያዊ ሠራተኛ ስለነበረ ጡረታ አይገባውም” አለ። በቃ። ጡረታውም ቀረ፣ እግሩም ቀረ።

ከዓመታት በኋላ የዘመድ ሠርግ ላይ ኦቦ ጉደታ ከቶሎሳ አጠገብ ተቀመጡ። እኔ ወጥ ይዤ እያለፍኩ ሰማኋቸው።

“ምነው ልጄ፣ ያን ጊዜ እምቢ አልከኝ? አቃናው ነበርኮ!”

ቶሎሳ ቀና ብሎ አየኝ። ድስቱን እንደያዝኩ ቆምኩ። ዓይኑን ከኔ ሳይነቅል፣

“ፈራሁ፣ ኦቦ ጉደታ” አለ። “ሕመሙን ፈራሁ።”

ወደ ቤት ስንመለስ እንደ ወትሮው ትከሻዬን ተደግፎ ሄደ። አልተናገረኝም። ቢመታኝ፣ ቢያባርረኝ በወደድኩ! አንድ ቀን፣ “ቶሎሳ፣ ያን ጊዜ እኮ…” ስል ጀመርኩ። “ውሃ ስጪኝ” አለኝ። ሰጠሁት። ከዚያ ወዲያ እኔም ደፍሬ አልጀመርኩ፣ እሱም እስኪሞት አላነሣው።

ልጆቼ እንዳይራቡ ነው እንዳልል፣ ከዚያም በኋላ ተርበዋል። ድህነት ነው እንዳልል፣ ጎረቤቶቼም ድሆች ነበሩ፤ በባሏ እግር የነገደች ግን አላየሁም። እኔ ነኝ። ይቅር ማለት የሚችለው እሱ ብቻ ነበር፤ ሳልጠይቀው ቀበርኩት። እናንተን ይቅር በሉኝ አልላችሁም።