ድክመት ከሚለው ሥር የተሰመረው ሰረዝ

አባይነህ አርባ ዓመት ፒያሳ ልብስ ሲሰፋ ሳይለካ ጨርቅ ቆርጦ አያውቅም። ይህን ሲያወራ ደስ ይለው ነበር፤ አሁን አያነሣውም።

ዓይኑ ሲደክምበት የስፌት መኪናውን ለእህቱ ልጅ ሰጠና ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ውስጥ ጧሪ የሌላቸውን ሕሙማን የሚያስታምም ማኅበር አቋቋመ። ማኅበሩን ቀጥ አድርጋ የያዘችው ግን ፈይሩዝ የምትባል በጎ ፈቃደኛ ናት። ሰፈሩ ሲፈርስ ማን ወዴት እንደ ሄደ፣ የማን በር በጓሮ በኩል እንደሚከፈት፣ የሃያ ስድስቱም ሕሙማን ነገር ጭንቅላቷ ውስጥ ነበር። ወረቀት ላይ አንዲት መስመር አልነበረም።

አምና አምስት ኪሎ ያለ ሌላ ማኅበር አብረን እንሥራ አለ። እነሱ ነርስም መኪናም አላቸው። ከመፈራረም በፊት ግን እያንዳንዱ ማኅበር ጥንካሬውንና ድክመቱን ይጻፍ ተባለ። አባይነህ በጥንካሬው አንድ ገጽ ሞላ። ድክመት ከሚለው ሲደርስ ብዕሩ ቆመ።

«ጋሽ አባይነህ፣ ቤቶቹን ከእኔ በቀር የሚያውቅ እንደሌለ ይጻፉት» አለችው ፈይሩዝ። «ነገ አንድ ነገር ብሆንስ?»

«ገመናችንን ለሰው ልናሳይ ነው? ይንቁናል፣ ልጄ» አለና፣ ድክመት የለንም ለማለት፣ ሰረዝ አሰመረበት። በዚያ በልብስ ሰፊ እጁ፣ ቀጥ አድርጎ።

የአምስት ኪሎዎቹም አመኑት። ቤት ለቤት የሚደረገውን ጉብኝት እሱ እንዲመራ ተዉለት። ሁለት ወር ሳይሞላ ፈይሩዝን መኪና ገጫትና አሥር ቀን ራሷን ሳታውቅ ተኛች።

ከሕሙማኑ አንዷ እማማ ለተክርስቶስ ስኳር አለባቸው፤ የእግራቸው ቁስል በየሁለት ቀኑ መታጠብ ነበረበት። አባይነህ ነርሷን አስከትሎ ቢሄድ ቀድሞ የሚያውቀው ቤታቸው ፈርሶ ቦታው በቆርቆሮ ታጥሯል። ጎረቤት እንዳይጠይቅ ጎረቤቱም ተበትኗል። ስልክ የላቸውም። በአሥራ አንደኛው ቀን ፈይሩዝ ነቅታ በነገረችው ምልክት ሄዶ ከምኒልክ አደባባይ በታች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ አገኛቸው። ሐኪም ቤት ሲደርሱ ጊዜው አልፎ ነበር፤ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ።

የአምስት ኪሎውን ማኅበር ለምትመራው ለወይንሸት ሁሉንም ነገራት። ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

«እኛ እኮ መዝገብ የምትይዝ ልጅ ነበረችን» አለችው ቀስ ብላ። «በአንድ ሳምንት ትጨርስላችሁ ነበር። ድክመታችሁን ጻፉ ያልነው ለዚሁ ነበር፣ ጋሼ።»

አሁን መዝገቡ አለ። ፈይሩዝም ድና ሥራዋ ላይ ናት። አባይነህ እሑድ እሑድ እማማ ለተክርስቶስን ሊጠይቅ ይሄዳል። እሳቸውም ሰው በገባ ቁጥር፣ «ይኼ ልጅ ፈልጎ ባያገኘኝ ኖሮ ይኼኔ አፈር ነበርኩ» እያሉ ይመርቁታል። አባይነህ አንገቱን ይደፋል፤ እንግዶቹ ትሕትና ይመስላቸዋል። እውነቱን ለእማማ ሊነግራቸው ወስኖ ሄዶ፣ ተመርቆ የተመለሰበት እሑድ ይኸው አሥራ አራት ሞላ።