የሚስ ሩትን ቻችኪዎች ፍለጋ፤ ከኦክላንድ እስከ ሳን ሆዜ

ቅዳሜ፣ ንጋት 12 ሰዓት ተኩል፣ ኦክላንድ

ጎረቤቴ ጋሽ ተስፋይ መኪናቸውን አስነስተው ይጠብቁኛል። የአስመራ ሰው ናቸው፤ ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ።

«ሱቁ የሚከፈተው ሁለት ሰዓት አይደል? ምን አጣደፈሽ ልጄ?»

«ማንም እንዳይቀድመኝ ነው።»

መንገድ ላይ ነገሩን አጫወትኳቸው። ሦስት ዓመት ቤታቸው እየሄድኩ የተንከባከብኳቸው አሮጊት፣ ሚስ ሩት፣ ባለፈው ሳምንት ሳን ሆዜ ወደሚገኝ የአረጋውያን መኖሪያ ገቡ። ዕቃቸውን ያሸግኩት እኔ ነኝ። ሁለት ካርቶን አምታታሁ፤ አሮጌው አንሶላ ሳን ሆዜ ሄደ፣ ቻችኪዎቻቸው ለልባሽ ሱቅ ተሰጡ።

«ቻችኪ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ይዲሽ ከሚባለው የአይሁዶች ቋንቋ እንግሊዝኛ ውስጥ የገባ ቃል ነው። መስኮት ላይ የሚደረደር ርካሽ ጌጥ፤ የሸክላ ውሻ፣ የብርጭቆ ዳክዬ…»

«ኮተት በይኛ።»

ኮተት ነው። ግን ባላቸው የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ፤ ከደረሱበት ከተማ ሁሉ አንድ አንድ ይዘው ይመጡ ነበር፤ ሠላሳ አንድ ደርሰዋል። አሁን ሚስ ሩት «ልጄ ናት የጣለችብኝ» ብለው አኩርፈዋል። ልጃቸውን አያናግሩም፤ ምግብም በቅጡ አይበሉም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

2 ሰዓት፣ ዩኒየን ሲቲ

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የገባሁት እኔ ነኝ። ከቡና ኩባያዎችና ከተሰነጠቁ ሳህኖች መሃል ዘጠኝ አገኘሁ። የቀረውስ? ሠራተኛዋ ትከሻዋን ሰበቀች።

«አንድ ሰውዬ በጅምላ ወሰደው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሳን ሆዜ ፍሊ ማርኬት፣ የአሮጌ ዕቃ ገበያው ላይ፣ ይሸጣል። ቀይ ጃንጥላ አለው።»

ጋሽ ተስፋይ ዞር ብለው አዩኝ። «እንቀጥል ወይስ ይበቃል?»

«እንቀጥል።»

4 ሰዓት፣ ሳን ሆዜ

ሙቀት፣ አቧራ፣ ሚጥሚጣ የተነሰነሰበት ማንጎ፣ የጫማ ክምር። ሁለት ቀይ ጃንጥላ አለፍን፤ ሦስተኛው ጋ የሸክላዋን ውሻ አየኋት። ሁሉም በሁለት ሁለት ዶላር። አሥራ አንዱን ለቀምኩ። የብርጭቆዋ ዳክዬ ግን አንዲት ሴትዮ እጅ ላይ ናት፤ ቦርሳዋን ከፍታ ልትከፍል ነው።

«ይቅርታ፣ እሷን ፍለጋ ነው ከኦክላንድ የመጣሁት።»

«ያንቺ ናት?»

«አይደለችም። ባለቤቷ አሮጊት ናቸው፤ በስህተት የሰጠሁባቸው እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ ዳክዬዋን ገልበጥ አድርጋ አየቻት፤ ከዚያ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ።

6 ሰዓት፣ የአረጋውያን መኖሪያው

ሚስ ሩት ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ የምሳ ትሪው እንዳለ ነው። ሃያ አንዱንም አልጋቸው ላይ ደረደርኩ። እጃቸው ከአንዱ ወደ አንዱ ሄደ።

«ካርቶኑን ያምታታሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው። «ልጅዎ ምንም አላጠፋችም። ሳምንት ሙሉ ልነግርዎ ፈርቼ ነው። አሥሩን አላገኘኋቸውም።»

ጋሽ ተስፋይ በሩ ላይ ቆመው ኮፍያቸውን አወለቁ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢቆጡኝም እውነት አላቸው።

«ስልክሽን አምጪ» አሉ ሚስ ሩት በመጨረሻ። «ልጄ ጋ ኮል አድርጊልኝ።»

ደውዬ ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ያዙት።

«እኔ ነኝ፣ እናትሽ። ምሳ አልበላሁም። ነይና አብረን እንብላ።»