እናቴን የዳርኩ ዕለት

ሰው ልጁን ይድራል፤ እኔ እናቴን ድሬያለሁ። የሚስቅ ካለ ይሳቅ፣ እኔም ስቄ ከወጣልኝ በኋላ ነው የማወራው።

አባቴ ልቡን ያመው ከጀመረ ወዲህ አንድ ሐሳብ እንቅልፍ ነሳው። መካነ ሰላም ያለው የቤታችን ካርታ በእሱ ስም ብቻ ነው። «ሳልሞት የእናትሽን ስም ላስገባ» አለኝ። የመጀመሪያ ልጁ ነኝና ይዤው ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። የጋብቻ ምስክር ወረቀት አምጡ ተባልን። ወላጆቼ የተጋቡት ወግዲ ገጠር ውስጥ፣ በሽማግሌና በድግስ ነው። ወረቀት ማን አስቦት!

«ቀላል ነው» አለችን የጋብቻ መዝጋቢዋ፣ ገና ወጣት ናት። «አሁን እንመዘግባችኋለን። ብቻ ሁለቱም ያላገቡ መሆናቸውን ከቀበሌ ያጽፉ።»

የቀበሌው ሊቀመንበር አባቴን ትክ ብሎ አየው። «ጋሼ፣ ትልቋ ልጅዎ ይቻትና አጠገብዎ ቆማለች። እንዴት ብዬ ነው ላጤ ነዎት ብዬ የምጽፈው? ሐሰተኛ ማስረጃ ያሳስራል።»

አባቴ ቁጡ ነው። «እንግዲያው ተፋትተን እንመጣለን!» ብሎ ፍርድ ቤት ገባ። እዚያ ደግሞ ለፍቺ መጀመሪያ የጋብቻ ማስረጃ ያስፈልጋል አሉት። «መጋባትም መፋታትም የማይቻልበት አገር!» እያለ ወጣ። ጥላዋን ዘርግታ ውጭ የምትጠብቀን እናቴ ነገሩን ስትሰማ «ታዲያ እኔ የማን ነኝ?» ብላ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ አባቴ ግን አልሳቀም።

መዝጋቢዋ አዘነችልን መሰለኝ፣ አለቃዋን ጠይቃ ሌላ መንገድ ይዛ መጣች። በባህል የተፈጸመ ጋብቻ በሽማግሌ ይመዘገባል፤ ሙሽራዋ ስትጠየቅና ስትሰጥ የነበሩት መጥተው ይመስክሩ አለች። እነሱ ደግሞ ሁሉም አፈር ሆነዋል። ጎረቤታችንን ሼኩን እርስዎ ይመስክሩልን ብንላቸው «ወላሂ ያላየሁትን አልምልም!» አሉ። የነፍስ አባታችን ቄሱም እንደዚያው። ትንሽ ቆይተው ግን ሼኩ ጢማቸውን ዳበስ አደረጉና «አብሽሩ፣ እንየዋ! እንደገና እንጠይቃትና ያየነውን እንመስክር» አሉ።

የእናቴ ወላጆች በሕይወት የሉም። ስለዚህ እናቴ የምትጠየቀው ከእኔ ሆነ።

እሑድ ሼኩና ቄሱ ዘንጋቸውን ተደግፈው ደጃችን ቆሙ። ተቀመጡ ብላቸው «የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። አባቴ ራቅ ብሎ አጥሩ ሥር ተቀምጧል። ሼኩ በዘንጋቸው እያሳዩኝ «እናትሽን ለዚያ ጎረምሳ ስጡን» አሉ። በወጉ የሴት ወገን ወዲያው እሺ አይልም። እኔም ኮራ ብዬ «ከዘመድ ተመካክረን በሳምንቱ መልስ እንሰጣለን» አልኩ።

«የምን መመካከር ነው!» ብሎ አባቴ ከአጥሩ ሥር ጮኸ።

«ዝም በል፣ ሙሽራ አይናገርም» አሉት ቄሱ። ያን ሳምንት አባቴ እንዴት እንዳከበረኝ! ሻይ እንኳ ራሱ ቀድቶ ይሰጠኝ ነበር።

በሳምንቱ ሰጠኋት። የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ድስት ለየብቻ ተጥዶ ሰፈሩ ግቢያችንን ሞላው። መዝጋቢዋም መዝገቧን ይዛ መጣች። ሽማግሌዎቹ ያዩትን መሰከሩ። ከዚያ መዝጋቢዋ ወደ እናቴ ዞራ «እማማ፣ ይህን ጋብቻ የሚፈጽሙት በነፃ ፈቃድዎ ነው?» አለቻት።

እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ መዝጋቢዋን አየቻት። ሴቶቹ እልልታቸውን በአፋቸው ይዘው ቀሩ። ያኔ በልጅነቷ ይህን የጠየቃት አንድም ሰው አልነበረም፤ በበቅሎ ጭነው አመጧት፣ በቃ። አባቴን አየሁት፤ ላብ አጥምቆታል። ቤቱም ካርታውም ከሐሳቡ የወጣ ይመስለኛል። እውነቴን ነው፣ እኔም ፈራሁ።

«እስቲ ድገሚልኝ፣ ልጄ» አለቻት። መዝጋቢዋ ደገመችላት። እናቴ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው በጥሞና ሰማችና «አዎ፣ በፈቃዴ ነው» አለች። እልልታው ቀለጠ፤ አባቴ በነጠላው ጫፍ ላቡን ይሁን እንባውን ጠረገ።

ስሟ ካርታው ላይ የገባ ቀን ሦስታችንም ከማዘጋጃ ቤት በእግር ተመለስን። ሁልጊዜ ቀድሟት የሚሄደው አባቴ ከጎኗ ነበር።

«እንቢ ብትዪ ኖሮስ?» አላት።

«እንቢ ማለት እንደሚቻል መቼ ነገራችሁኝ?» አለች እየሳቀች። «አሁን ግን ዐውቄያለሁ፤ ተጠንቀቅ!»

አባቴ ጥላዋን ከእጇ ተቀብሎ ያዘላት።